ራዲያተሩ የጠጣው ውሃ

ይህ ደብዳቤ እማማ እጅ ይግባ፤ ከእማማ እጅ በቀር የማንም እጅ አይንካው።

እማማ፣ እንዴት ከርመዋል? ጉልበትዎስ ደረጃውን ለመደው? የትልቋ ልጅዎ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ መሆኑን ስሰማ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ጉልበትዎ ነው። እኛ ሁላችንም ደኅና ነን። ልጅዎ ባለቤቴም ደኅና ነው፤ አውራ ጣቱ ላይ ካለችው ትንሽ ፋሻ በቀር ምንም አልሆነም። ስለ ፋሻዋ ቦታው ላይ ስደርስ እነግርዎታለሁ።

ትልቋ ልጅዎ በትከሻዎ በኩል አጎንብሳ እያነበበች ከሆነ መነጽሬን ፈልጊልኝ ብለው ይላኳት። መነጽሩ ዓይንዎ ላይ ቢሆንም ይላኳት።

በስልክ ያልነገርኩዎት ፈርቼ አይደለም። በስልክ ሲሆን እኔ ገና "እማማ" ስል እርስዎ "ደግሞ ምን ሰበራችሁ?" ይላሉ፤ መልሴን ሳይሰሙ ስልኩን ለትልቋ ልጅዎ ያቀብሏታል፤ እሷ ስለ ዋጋ ውድነት ታወራኛለች፤ ነገሩ መንገድ ላይ ይቀራል። ደብዳቤን ግን ማቋረጥ አይቻልም። ቢበዛ ይጥሉታል፤ ሲበርድልዎት ደግሞ ያነሱታል።

ነገሩ ስለ መኪናዋ ነው።

የፊታችን ቅዳሜ ገዢ ይዘው እንደሚመጡ ሰምተናል። ገዢው ከሚነግርዎት እኔ ብነግርዎት ይሻላል ብዬ ነው። መማል ያለብኝን አስቀድሜ ልማል፦ መኪናዋ ከቆመችበት አንድ ስንዝር አልተነቃነቀችም። ሲሄዱ ወረቀት ላይ ጽፈው ማቀዝቀዣው በር ላይ የለጠፉት የኪሎ ሜትር ቁጥር ዛሬም ያው ነው፤ መጥተው ያስተያዩት። እሑድ እሑድ ለሩብ ሰዓት ትነሣ ባሉት መሠረት ስትነሣ ከርማለች። በደረቅ ጨርቅ ትወልወል ባሉትም መሠረት ስትወለወል ከርማለች። "አንድ ብሎኗ እንዳይነካ" ያሉት ላይ ነው ትንሽ የተዛነፍነው።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ከመሄድዎ በፊት የእንቁላል ማስፈልፈያ ማሽን መግዛቴን ያስታውሳሉ። "ዶሮና እርግብ የማትለይ ሴት ጫጩት ነጋዴ ልትሆን ነው" ብለው ለጎረቤት መናገርዎን ሰምቻለሁ፤ አልተቀየምኩም። በመጀመሪያው ዙር ከዘጠና ስድስት እንቁላል ዐሥራ አንድ ብቻ ሲፈለፈል ግን ምንም አላሉም፤ ቆጠሩና ሣቁ። የቆረቆረኝ እሱ ነው። ሁለተኛውም ዙር እንዲያ ከሆነ ማሽኑን ልሸጥ ለራሴ ቃል ገባሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ልጅዎ ግን አውቋል። ሃያ ሁለት ዓመት አብሮኝ ሲኖር ሳልነግረው ያወቀው ነገር ይኼ አንዱ ብቻ ነው።

እንቁላል ማሽን ውስጥ ሃያ አንድ ቀን ይቆያል። በዐሥራ ስምንተኛው ቀን፣ ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ፣ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ጧ ብሎ ጨሰ። የመብራት ሠራተኞቹ መጡና ወደ ላይ አዩት። አይተው ሲጨርሱ ወደ እኛ ዞረው "አራት ቀን" አሉ። ልጅዎ ለምን አራት ቀን ብሎ ቢጠይቃቸው፣ ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ከቆምን አምስት ይሆናል አሉት።

ማሽኑን በብርድ ልብስ ጠቀለልነው። በጋዝ ምድጃ ያፈላነውን ውሃ በጠርሙስ እየሞላን ጎን ለጎን አስተኛንለት። ሠላሳ ሰባት ተኩል መሆን ያለበት ሙቀት ሠላሳ ስድስት ገባ። ከዚያ ልጅዎ በመስኮት መኪናዋን ያያት ጀመር። "ባትሪ አላት" አለኝ። "እማማም አሏት" አልኩት። እሱም እማማ የከለከለችው እንዳትነቃነቅ ነው፤ ማን ያነቃንቃታል፣ እዚያው ቆማ ነው የምታገለግለን አለ። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይኼ ነው፤ ግን እማማ፣ እውነቱን ልናገር፣ እኔም አልተከራከርኩም። ዘጠና ስድስት እንቁላል እየበረደብኝ ነበር።

ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ መብራት ሲጠፋ መቁረጫውን የሚያሠራባት ኢንቨርተር የምትባል ዕቃ አለችው። የመኪና ባትሪን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የምትለውጥ፣ ከጀርባዋ ማራገቢያ ያላት፣ ከሳሙና ሳጥን ብዙም የማትበልጥ ቆርቆሮ ናት። የመኪናው ሲጋራ መለኮሻ ላይ ትሰካለች። ልጅዎ ተዋሳት።

ልጅዎ የሒሳብ አስተማሪ መሆኑን እርስዎም ያውቃሉ፣ ሰፈሩም ያውቃል፣ የማያውቅ ሰው ከተገኘ እሱ ራሱ ይነግረዋል። ተቀምጦ በፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ አሰላው። ማሽኑ መቶ ሰማንያ ዋት ይፈልጋል፤ ባትሪው ዐሥራ ሁለት ቮልት ነው፤ ሲካፈል ዐሥራ አምስት አምፔር። የሲጋራ መለኮሻው ፊውዝ ላይ የተጻፈውም ዐሥራ አምስት። "አየሽ? በልካችን የተሰፋ ነው" አለኝ። በአራተኛው ደቂቃ ፊውዙ ተቃጠለ። ወረቀቱን አንሥቶ ደጋግሞ አየና ሒሳቡ ትክክል ነው አለ። እኔም ሒሳቡን አልተጠራጠርኩም፤ ትምህርት ቤት ያልገባው ፊውዙ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ደግሞ እርስዎ ያስቡት።

ገመዱ እንግዲያው በቀጥታ ከባትሪው መምጣት አለበት አለ። ባትሪው ከፊት ነው፣ ማሽኑ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ላይ ነው፣ መሃል ላይ ሞተሩን ከሰው የሚለይ የብረት ግድግዳ አለ። ኮፈኑን ከፈተ። መክፈት መንካት አይደለም አለኝ። እሺ አልኩ። ብረቱን በጣቱ አንኳኳው። ማንኳኳትም መንካት አይደለም። ከዚያ በባትሪ የሚሠራ ድሪል ተዋሰ።

እማማ፣ ቀዳዳዋ የሸሚዝ አዝራር ብታህል ነው። ከዳሽቦርዱ ሥር ናት፤ ካልተንበረከኩ አትታይም፤ እርስዎ ደግሞ ከሐኪም ትዕዛዝ ውጪ አይንበረከኩም።

ክፋቱ፣ ልጅዎ ከብረቱ ወዲያ ምን እንዳለ ሳያይ ነው የበሳው። ከወዲያ የነበረው የውሃ ቱቦ ነው። ውሃው በቀዳዳዋ በኩል መጥቶ ፊቱን አጠበው። ደግነቱ ሞተሩ አልተነሣም ነበርና ቀዝቃዛ ነው። ደንግጦ ሲነሣ ጭንቅላቱ ከመሪው ጋር ተጋጨ፣ እጁ ከተበሳው ብረት ጋር ተገናኘ። ፋሻዋ የመጣችው ከዚህ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችውን ሴት ሁልጊዜ እወቅሳት ነበር፤ ባሏ ሒሳብ አስተማሪ ሊሆን እንደሚችል አስቤ አላውቅም።

ያን ጊዜ ነው ባለሙያ ይጠራ ያልኩት።

መንገዱ ማዶ ጋራዥ ያለውን የመኪና ኤሌክትሪሺያን ያውቁታል። መኪና አልነሣ ቢል "ኮንታክት ነው"፣ መብራት አልበራ ቢል "ኮንታክት ነው"፣ ሚስቱ ብታኮርፈውም "ኮንታክት ነው" ስለሚል ኮንታክት የሚባለው። መጣ። ቀዳዳዋን አያት። ይህን የበሳው ማን ነው ብሎ ጠየቀ። ልጅዎ ድሪሉን እንደያዘ "ድሮም ነበረ" አለው። ኮንታክትም "ልክ ነህ ጋሼ፣ ፋብሪካው ሲልካቸው ከነውሃው በስቶ ነው" አለና የተበሳውን ቱቦ ቆርጦ በመገጣጠሚያ ቀጠለው። ዐሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። ከአዲስ ይሻላል ብሏል፤ ለገዢው ይንገሩት።

ከዚያ ለልጅዎ ያስረዳው ጀመር። ገመዱ የትንሽ ጣት ያህል መወፈር አለበት፤ ቀጭን ከሆነ ይግላል። ፊውዙ ከባትሪው አንድ ስንዝር ሳይርቅ መግባት አለበት፤ ገመዱ ተፍቆ ብረት ቢነካ ፊውዙ ይቃጠላል፣ ፊውዙ ከሌለ ግን የምትቃጠለው መኪናዋ ናት። ልጅዎ ይህን ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፈ። እኔ ቴርሞሜትሩን አየሁ። ሠላሳ አምስት።

ኮንታክት ገመዱን በየት እንደሚያሳልፍ ሊያይ አንገቱን ኮፈኑ ሥር ቀበረ። የባትሪ መብራቱን አበራ። ከዚያው ሆኖ "ጋሼ፣ እዚህች መኪና ውስጥ ከኛ በፊት የገባ ሰው አለ" አለ።

ከባትሪው ላይ አንድ ወፍራም ቀይ ገመድ ይነሣል። አንድ ስንዝር ሳይሄድ ፊውዝ አለው። ጥቁር ልባስ ለብሶ፣ ከፋብሪካው ሽቦዎች ጎን እንደ ዘመድ ተጠግቶ፣ በጎማ ውታፍ መሃል አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል። ፋብሪካው የተዋት ቀዳዳ ድሮም ነበረች ለካ፤ ልጅዎ ከበሳት አራት ጣት ትርቃለች። እና ገመዱ በየስንዝሩ ሰም በተነከረ ክር ታስሯል። ኮንታክት ክሩን በባትሪ መብራት እያየ፣ ይኼ የመኪና ሰው ሥራ አይደለም፣ የመኪና ሰው ክር የሚቋጥርበት ትዕግሥት ቢኖረው የመኪና ሰው አይሆንም ነበር፣ ይህን ያሰረው ወይ ቀዶ ሐኪም ነው ወይ የስልክ ሠራተኛ ነው አለ።

ልጅዎ ቋጠሮውን በጣቱ ነካው።

አባባ፣ አፈሩን ያቅልልላቸውና፣ ሠላሳ አራት ዓመት የስልክ መሥመር ሲዘረጉ እንደኖሩ ለእርስዎ አልነግርዎትም።

አባባ መኪናዋን የገዙ ጊዜም "አንድ ብሎኗ እንዳይነካ" ብለው ያስማሏቸው እርስዎ ነበሩ። ማሉልዎት። ከዚያ ወዲህ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ ከቀትር በኋላ ዐሥር ሰዓት ሲል ወጥተው ሞተር ያሞቁ ነበር። አንድ ሰዓት ያህል። እርስዎ በመስኮት እያሳዩን "ዕቃ አያያዝ ከሱ ተማሩ" ይሉን ነበር። እኔም ለራዲያተሩ በጆግ ውሃ እወስድላቸው ነበር። "ምራቴ እንኳ ለመኪናው ታስባለች" ብለው ለትልቋ ልጅዎ ሲያመሰግኑኝ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በዚህ ቤት የተመሰገንኩት ያን ጊዜ ብቻ ስለሆነ አልረሳውም።

ገመዱ በምንጣፉ ሥር አድርጎ ወደ ኋላ ወንበር ይሄዳል። ኮንታክት መቀመጫውን በጉልበት ሊገነጥለው ሲታገል አሳዘነኝና በግራ በኩል ያለችውን ማሰሪያ ሳብኩለት፤ መቀመጫው ብድግ አለ። ልጅዎ እንዴት አወቅሽ አለኝ። የሚያጸዳ ሰው ብዙ ነገር ያውቃል አልኩት።

ከመቀመጫው ሥር፣ ወለሉ ላይ በአራት ብሎን የታሰረ ኢንቨርተር ተቀምጧል። የፀጉር አስተካካዩን አራቱን ያህላል፤ አንድ ሺህ ዋት ይላል። ከጎኑ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር አለ። ልጅዎ ፈታው። ትንሽ የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ። የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ። ሁለት ብርጭቆ፣ አንድ ማንኪያ። ስኳር የሞላበት ብልቃጥ።

እዚህ ላይ ደብዳቤውን ይጥሉታል። ግድ የለም፣ ሲያነሡት ከዚህ ይቀጥሉ።

ሐኪሙ አባባን ስኳር የከለከላቸው ሰባ ዓመት የሞላቸው ጊዜ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስኳሩ ጓዳ ተቆለፈበት፤ ቁልፉ ከእርስዎ አንገት ወርዶ አያውቅም። እንግዳ ሲመጣ እንኳ በማንኪያ ቆጥረው ነበር የሚያወጡት። አባባ ቤት ውስጥ መራራውን ሻይ ፊታቸውን ሳያጨማድዱ ይጠጡ ነበር፤ "ለመድኩት" ይሉ ነበር፤ እርስዎም ለሰው ሁሉ ምሳሌ አድርገው ይጠቅሷቸው ነበር። በተከለከሉ በዓመቱ መኪናዋን ገዙ። ያኔ እርስዎ የት ልትሄድበት ነው ብለው ሲጠይቋቸው "ሩቅ አልሄድም" እንዳሉ ትዝ ይለኛል። ደግሞ ይህን ይወቁልኝ፦ አባባ እስከ ሰማንያ ሁለት ኖረው በእንቅልፋቸው ነው የሄዱት። የከለከላቸው ሐኪም ግን በስድሳው ሞተ፤ ነፍሱን ይማርና፣ ስኳር በአፉ አይዞርም ነበር ይባላል።

ወደ ማክሰኞው ልመለስ። ሁላችን ብርጭቆዎቹን እያየን ቆመናል። ኮንታክት ዝምታ አይሆንለትምና ራዲያተሩን መመርመር ጀመረ። ይህ ራዲያተር አንድ ጠብታ አፍስሶ አያውቅም፣ ዝገት የለ፣ ብየዳ የለ፣ እንደ ሙሽራ ነው አለ። ያኔ ልጅዎ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። በቀን አንድ ጆግ፣ በዓመት ሦስት መቶ ስድሳ አምስት ጆግ፣ በዐሥራ አንድ ዓመት አራት ሺህ ዐሥራ አምስት ጆግ፣ አንድ ጠብታ የማያፈስ ራዲያተር ይህን ሁሉ የት አደረሰው አለኝ። የድሮ መኪና ይጠማዋል አልኩት። ብርጭቆው ለምን ሁለት ሆነ አለኝ። አንዱ ቢሰበር ብለው ይሆናል አልኩት። ኮንታክት ካቻቢቴውን እያገላበጠ "ኮንታክት ነው" አለ።

ሙቀቱ ሠላሳ አራት ገብቶ ስለነበር ክርክሩ እዚያ ላይ ቆመ። ኮንታክት የአባባን ገመድ ጫፍ ጫፉን ፋቀው፣ ፊውዙን በአዲስ ለወጠው፣ የጎደለውን ውሃ ሙላ አለ። ውሃ አምጥቼ ጨመርኩ፤ ራዲያተሩ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ከኔ ጆግ ጠጣ። ሞተሩ ተነሣ። ወንዶቹ የኢንቨርተሩን ማብሪያ ሲፈላልጉ ጊዜ እንዳይሄድ ብዬ ከበሩ ዘንድ ካለችው ክፍተት እጄን ሰድጄ ተጫንኳት። አረንጓዴ መብራት በራች። በዚህ ጊዜ ልጅዎ ምንም አልጠየቀኝም።

ማሽኑን ከኋላ ወንበር ላይ አስቀምጠን ቀበቶ አሰርንለት። ሠላሳ አራት፣ ሠላሳ አምስት፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሠላሳ ሰባት ተኩል። ኮንታክት እየወጣ ይህን የዘረጉት ሰው በሕይወት ካሉ ጋራዤ ቁጭ ብለው ያስተምሩኝ አለ። ልጅዎ የሉም አለው። ኮንታክት ኮፍያውን አውልቆ ለመኪናዋ ጎንበስ አለላትና ሄደ።

ሦስት ቀን እንዲህ ኖርን። በየሰዓቱ ለሃያ ደቂቃ ሞተሩን እናስነሣለን፣ እናጠፋለን። ልጅዎ ትምህርት ቤቱን አስፈቅዶ ከመሪው ኋላ ተቀመጠ፤ እኔ ከጎኑ። የሰፈሩ ሰው በበሩ ሲያልፍ ባልና ሚስት ሞተር አስነሥተው የትም ሳይሄዱ ሲቀመጡ አይቶ ያሾፍ ጀመር። ፀጉር አስተካካዩ በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ፣ እስካሁን አልደረሳችሁም ወይ፣ መንገዱ ተዘግቷል እንዴ ይለናል። ልጅዎ ዘጠና ስድስት ተሳፋሪ ጭነን እንዴት እንፍጠን ይለዋል። እማማ፣ ልጅዎ ቀልድ ይችላል። ሃያ ሁለት ዓመት የት ደብቆት እንደኖረ አላውቅም። አንድ ቤት ውስጥ ስንኖር ለማውራት የሚሆን ጊዜ ያገኘነው መኪና ውስጥ ነው።

ረቡዕ ዕለት፣ አባባ ሞተር ሲያሞቁ ስለ ምን ያወሩ እንደነበር ጠየቀኝ። ብቻውን ሞተር የሚያሞቅ ሰው ምን ያወራል አልኩት። እሱም፣ እኔን አባቴ በቀን ከሦስት ቃል በላይ ተናግሮኝ አያውቅም አለኝ። ያን ጊዜ አሳዘነኝና ትንሽ ነገርኩት። ብዙ አይደለም። አባባ ስለ እንጨት ምሰሶና ስለ ሩቅ መሥመር እንደሚያወሩ፣ ስለ እርስዎ ሲያወሩ ድምፃቸውን ቀነስ እንደሚያደርጉ፣ ያም ማማት እንዳልነበረ። እኔ ሥራ ፈትቼ ቤት የተቀመጥኩ ጊዜ "ጫጩት ጀምሪ፣ ጫጩት አለቃ የላትም" ያለኝ ሽማግሌ ማን እንደሆነም ነገርኩት። ጓዳችን ውስጥ ያለችውን ማሽን የገዛሁት በማን ምክር እንደሆነ እርስዎም አሁን አወቁ።

ዐርብ ጠዋት የመጀመሪያዋ ቅርፊቷን ሰበረች። እስከ ማምሻው ድረስ መኪናዋ ውስጥ መነጋገር አልተቻለም፤ ጩኸቱ የገበያ ነው። ከዘጠና ስድስት ሰማንያ አንድ ወጡ። ልጅዎ ቆጠራቸው፣ ደግሞ ቆጠራቸው፣ ሰማንያ አራት ነጥብ ሦስት ሰባት አምስት በመቶ አለና ቤት ገብቶ ፊቱን ታጠበ። ሲመለስ አቧራ ነው አለኝ። ማሽኑን አልሸጥም።

መብራቱ ቅዳሜ መጣ። ጫጩቶቹን ወደ ቤት አስገብተናቸዋል። ሽታው ግን ከመኪናዋ አልወጣም፤ ሁለት ጊዜ አጥቤያለሁ።

አሁን የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ልጅዎ ይህ ነገር እማማ ጆሮ እንዳይደርስ ብሎኝ ነበር፤ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ውሃውን እኔ አመላልሻለሁ። እዚህ ገጽ ላይ ደርሼ መካድ ውሃ ወቀጣ ነው። ሁለተኛው ብርጭቆም የኔ ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት በፊትዎ ስዋሽ ኖሬአለሁና ይቅር ይበሉኝ።

ስኳሩን ግን እኔ አላመጣሁም።

ይህን ስነግረው ልጅዎ አላመነኝም። ታዲያ ማን አመጣው አለኝ። አባባ እንዳይባል ጉልበታቸው ሱቅ አያደርሳቸውም፤ ቢያደርሳቸውም ባለሱቁ በእርስዎ ትዕዛዝ ከረሜላ እንኳ አይሸጥላቸውም ነበር። ብልቃጡ ግን ጎድሎ አላየሁም። አንድ ቀን ጠይቄያቸው ነበር። "ዛሬ ይጎድላል፣ በነጋታው ሞልቶ አገኘዋለሁ፤ እኔ አልጠየቅኩም፣ አንቺም አትጠይቂ" አሉኝ። አልጠየቅኩም። ልጅዎ ብልቃጡን አዟዙሮ አየው። ክዳኑ ላይ ሰማያዊ አበባ አለው። ጓዳዎ ውስጥ ካሉት አምስቱ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ስድስተኛው ተሰብሯል ብለውን ነበር። "ምናልባት..." ብሎ ጀመረ። ዝም በል አልኩት። ዛሬም አልጠይቅም።

ይህን ደብዳቤ የያዘልዎት ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ ለመቀስ መግዣ ወደዚያ ይመጣል። ምንም ቢጠይቁት አላውቅም እንዲል አስጠንቅቄዋለሁ፤ ያው ፀጉር አስተካካይ መሆኑን ግን አይርሱ።

ስለ ገዢው። መኪናዋ የእርስዎ ናት፤ መሸጥም መብትዎ ነው። እኔ ባትሸጥ እወዳለሁ። ለጫጩቶቹ ነው፤ ትራንስፎርመሩ ሁለተኛ ላለመቃጠሉ ማን ዋስ አለው? ኮንታክት ገመዱን እፈታዋለሁ፣ ኢንቨርተሩንም አነሣለሁ፣ ማንም ነበረ ብሎ አይጠረጥርም ብሎኛል፤ ግን ክሩን መቁረጥ ግድ ነው ይላል። እማማ ሳያዩት አይቆረጥም ብዬዋለሁ።

ከገዢው ጋር ከመጡ በጠዋት ይምጡ፤ በጠዋት ሽታው ቀለል ይላል። ብቻዎን ከመጡ ደግሞ ለዐሥር ሰዓት ይድረሱ። ውሃውን እኔ አመጣለሁ። ስኳር ግን እርስዎ ይያዙ፤ ብልቃጡ ውስጥ ያለው እንደ ድንጋይ ደርቋል።

ደረጃውን የሚወርዱበትን ጉልበት፣ ይህን ሁሉ የሚያነቡበትን ዓይን አይንሳዎት። ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥልን።

አክባሪዎ፣ ምራትዎ